ለትኩሳት የተሰጠች አንዲት ሰዓት

ካንሰር ያለበት ሕፃን ሲያተኩስ ሐኪሞች ለምን እንደሚጣደፉ፣ ትኩሳቱ ሲበርድ ደግሞ ለምን እንደሚቈጠቡ፣ በባውሽሪዬም የሚኖር ስደተኛ ያችን ሰዓት በምን እንደሚያጣት

ከቤሩት በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ የዶራን አደባባይ አልፎ ወደ ጅዴይዴ የሚያቀና መንገደኛ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶች፣ ጋራዦች፣ መጋዘኖችና ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች ተጋፍተው የቆሙበትን የባውሽሪዬን ሰፈር ያገኛል። በዚህ ሰፈር ማሮናውያን ከአርመኖች፣ ከሶርያውያንና ከአሦራውያን ክርስቲያኖች ጋር ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ በየቤታቸው ጓዳ ደግሞ ከወሎና ከጎጃም፣ ከአርሲና ከጅማ በኮንትራት የመጡ ልጆቻችን ያድራሉ። የመንግሥት መብራት ብልጭ ብሎ በሚጠፋባቸው በእነዚህ ዓመታት ኑሮ የሚገፋው «ኢሽቲራክ» በሚሉት የሰፈር ጄኔሬተር ስለ ሆነ፣ እርሱም እኩለ ሌሊት ላይ ሲዘጋ ፎቆቹን ጨለማ ይወርሳቸዋል፤ በዚያ ሰዓት ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ የደም ካንሰር ይዞት የሚታከም ሕፃን ቢያተኩስ፣ ግንባሩን ዳብሳ አስቀድማ የምታውቀው ምናልባት ወላጅ እናቱ ሳትሆን፣ ከአልጋው አጠገብ የምትተኛው ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ናት።

ልጅ ሲያተኩስ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ሰው የለም። በሀገራችን ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይደረግለታል፣ ዘመን የደረሰበት ቤትም ሽሮፕ ያጠጣዋል፤ ከዚያም እንዴት ሆኖ እንደሚነጋ ይጠበቃል። በሊባኖስም «ማዳም» የምትባለው የሠራተኛዋ ቀጣሪ ፓናዶል ታዛለች፣ ወይም እናቶቹ የለመዱትን በመቀመጫ በኩል የሚገባ ማብረጃ ታወጣለች። ይህ ሁሉ ለጤነኛ ልጅ ብዙም የሚያስወቅስ አይደለም። የካንሰር መድኃኒት በደሙ ለሚዞር ሕፃን ግን፣ እንዴት ሆኖ እንደሚነጋ መጠበቅ ከካንሰሩ የባሰ ጠላት ሊሆን ይችላል፤ በመቀመጫ የሚገባውም መድኃኒት፣ በዚያው በኩል የሚለካውም ቴርሞሜትር፣ የሳሳውን የአንጀት ገጽ ቧጥጦ ባክቴሪያ ወደ ደም የሚገባበትን በር ስለሚከፍት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ምልክቱን የነጠቀ ሕክምና

ኬሞ የሚባሉት፣ ካንሰርን የሚገድሉት መድኃኒቶች ከሞላ ጎደል የሚያውቁት ፍጥነትን ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሕዋስ ሁሉ ያጠቃሉ። ስለዚህ ከካንሰሩ ጋር የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ስስ ሽፋን፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ደም የሚፈጠርበት የአጥንት መቅኒ አብሮ ይመታል። በመቅኒው ከሚፈጠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት፣ ባክቴሪያ ሲገባ ቀድመው ደርሰው የሚውጡት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለ ሆነ፣ ምንጫቸው ሲደርቅ ቍጥራቸው ፈጥኖ ያሽቈለቍላል። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳሉ፤ በአንድ ኩብ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲሆኑም ሐኪሞች ሕፃኑን ዘበኛ እንደሌለው ግቢ ይቈጥሩታል።

የዚህ ግቢ ሌባ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። በልጁ አንጀት፣ በአፉና በቆዳው ላይ በሰላም ሲኖር የነበረው ባክቴሪያ፣ መድኃኒቱ ያቈሰለውን ስስ ሽፋን ጥሶ፣ ወይም በደረቱ ወደ ትልቁ የደም ሥር በገባው ቀጭን ቱቦ ተንሸራቶ ደሙን ይቀላቀላል። ለዚህም ነው ቱቦው እንደ ታጠበ ልጁን ብርድ ብርድ ቢለው ነርሶቹ ልባቸው የሚደነግጠው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ግን ዝምታው ነው። እኛ ሕመምን የምናውቅባቸው ምልክቶች፣ የቍስሉ መቅላትና መግል መያዝ፣ ሳልና አክታው፣ እብጠቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የነጭ የደም ሕዋሳት ሥራ ውጤት ናቸው። ሕዋሳቱ በሌሉበት መግል የለም፤ ሳንባው ተመርዞ እያለ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ትኩሳት ብቻዋን ትቀራለች፤ ዴክሳሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ በሚወስድ ልጅ ላይ ግን እርሷም ልትቀር ትችላለች፤ ልጁ ሳያተኩስ፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ፣ መጫወቻውን ትቶ ዝም ብሎ ቢተኛ፣ ይህን ያየ ሰው ቴርሞሜትሩን አምኖ እንዳይቀመጥ ያስፈልጋል።

> መግል የለም፣ እብጠት የለም፣ ራጁም ንጹሕ ነው፤ ለሐኪሙ የምትናገርለት ትኩሳት ብቻ ናት።

መልስ ሳይመጣ መታከም

ሲድኒ ፋርበር የተባለው የቦስተን ሐኪም በ1948 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በደም ካንሰር የተያዙ ሕፃናት ሕመማቸው በመድኃኒት ለጊዜው ሊመለስ እንደሚችል ካሳወቀ በኋላ፣ ሐኪሞች አንድ የሚያሳዝን ነገር አስተዋሉ፤ ካንሰሩ የተሸነፈለት ልጅ በሳምንቱ ባንድ ሌሊት ትኩሳት ይሞት ነበር። ጄራልድ ቦዲና ባልደረቦቹ በ1966 ነጭ የደም ሕዋሳት እየቀነሱ በሄዱ መጠን የኢንፌክሽኑ አደጋ እየከፋ እንደሚሄድ በቍጥር አሳዩ። በዚያ ዘመን ግን የሕክምናው ሥርዓት፣ መጀመሪያ ጀርሙን ለይቶ ማወቅ፣ ቀጥሎ መድኃኒቱን ማዘዝ ነበረ፤ የተቀዳው ደም ላቦራቶሪ ገብቶ ባክቴሪያው አድጎ እስኪታይ ድረስ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሱዶሞናስ የሚባለው ክፉ ባክቴሪያ በደሙ ለገባበት ሕሙም ይህ ጊዜ ከዕድሜው ይረዝም ነበር።

በ1971 ስቲቨን ሺምፍና ባልደረቦቹ ካርቤኒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች፣ የላቦራቶሪውን መልስ ሳይጠብቁ፣ ትኩሳቱ እንደ ታየ ወዲያው መስጠት የሚያስገኘውን ጥቅም በጽሑፍ አወጡ። አሳብን ሁሉ በማስረጃ ላይ ማቆም የለመደ ሐኪም፣ ጠላቱን ሳያይ እንዲተኩስ መታዘዙ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሕይወት የሚያድን ሆኖ ስለ ተገኘ ከዚያ ወዲህ የዓለም የካንሰር ክፍሎች ሁሉ ቀኖና ሆኖ ጸና።

ቀኖናው ዛሬ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ 38.3 ከደረሰ፣ ወይም 38 ሆኖ ለአንድ ሰዓት ከቈየ (ክፍሎቹ በነጥቦቹ ላይ ጥቂት ይለያያሉ)፣ ልጁ ቀንም ይሁን ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። በሩ ላይ ሲደርስ ተራ አይጠብቅም። ነርሷ ከእያንዳንዱ የቱቦው አፍ ደም ቀድታ ለላቦራቶሪ በጠርሙስ ታኖራለች፤ ይህም ከመድኃኒቱ መቅደም አለበት፣ አንቲባዮቲክ የቀመሰ ደም ምስጢሩን አያወጣምና። ከዚያም ፒፐራሲሊን ታዞባክታም ወይም ሴፌፒም፣ ልጁ ራሱን እየሳተ ወይም ሰፈሩ መድኃኒት በለመደ ባክቴሪያ የታወቀ ከሆነም ሜሮፔኔም የመሰለው ጠንካራ መድኃኒት፣ ከደረሰበት ደቂቃ ጀምሮ በ60 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥሩ መግባት አለበት። በእንዲህ ያለ ክፍል የሠሩ ነርሶች እንደሚሉት፣ ያችን ሰዓት የሚበላት መድኃኒት መበጥበጡ አይደለም፤ የሚበላት ካርድ ማውጣት፣ ዶክተሩን መፈለግ፣ የፋርማሲውን ቍልፍ የያዘውን ሰው መጥራት ነው። ስለዚህ ጥሩዎቹ ክፍሎች የመጀመሪያዋን መጠን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጠው፣ ነርሷ ሐኪም ሳትጠብቅ እንድትጀምር ሥልጣን ሰጥተዋታል።

ከባውሽሪዬ እስከ ሐምራ

ሊባኖስ በዚህ ነገር እንግዳ ሀገር አይደለችም። ከተራራማዋ ብሻሪ የወጡ የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ የነበረው አሜሪካዊው ተዋናይ ዳኒ ቶማስ፣ ኑሮ በጠበበበት የወጣትነቱ ዘመን፣ ሐዋርያው ይሁዳ ታዴዎስ መንገዱን ቢያቃናለት መታሰቢያ ሊሠራለት ተስሎ ነበር፤ ስእለቱም ሠምሮለት በ1962 በሜምፊስ ከተማ በዚያው ቅዱስ ስም የሕፃናት ሆስፒታል ተከፈተ። የሆስፒታሉን ወጪ የሚያሰባስበው ማኅበር በ1957 ሲቋቋም መሠረቱ የሊባኖስና የሶርያ ተወላጆች መዋጮ ነበረ። ከዚሁ ሆስፒታል ጋር የተዛመደው የሊባኖስ የሕፃናት ካንሰር ማዕከል ደግሞ በ2002 በቤሩት፣ በሐምራ፣ ከአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጋር ተጣምሮ ሥራ ጀመረ፤ በምጽዋት በሚሰበሰብ ገንዘብ እየተዳደረም የተቀበላቸውን ሕፃናት ወላጆቻቸውን ሳያስከፍል ያክማል።

ከባውሽሪዬ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በዶራ አድርጎ፣ የቤሩትን ወንዝ ተሻግሮ፣ ካራንቲናን በጎን ትቶ፣ ግማሹ የተናደው የእህል ጎተራ በሚታይበት በወደቡ ሥር ያልፋል። ሌሊት ቢሆን መንገዱ አጭር ነው፤ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ግን የዶራን አደባባይ ብቻ ለማለፍ ያችን የተወደደች ሰዓት ማዋጣት ያስፈልጋል። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ወደቡ በፈነዳ ጊዜ በአሽራፊዬ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ጣራውና መስኮቱ ተሰባብሮ፣ ሕሙማኑ፣ በካንሰር የሚታከሙት ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ወደ ውጭ መውጣት ግድ ሆነባቸው፤ የካራንቲና የመንግሥት ሆስፒታልም ከጥቅም ውጭ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የሀገሪቱ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ፣ የመድኃኒት መደርደሪያዎች ባዶ ሲሆኑ፣ የካንሰር ሕሙማን በቤሩት አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ በዚያው በነሐሴ ወር የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነዳጅ ካላገኘ የመተንፈሻ መሣሪያዎቹ ሊቆሙ እንደሚችሉ አስታወቀ። ትኩሳትን በሰዓት መለካት የሚችል ሀገር፣ ራሱ በሰዓት የሚለካ ነዳጅ ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ ለዜጋው ነው። ሊባኖስ ውስጥ የወለደች፣ ከቀጣሪዋ ቤት ወጥታ «በፍሪ»፣ ማለትም በግሏ የምትሠራ፣ ኢቃማዋም (የመኖሪያ ፈቃዷ) የተቃጠለባት ኢትዮጵያዊት እናት፣ ልጇ ቢታመምባት ግን ሰዓቷ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ታክሲ ከመጥራቷ በፊት በመንገዱ ፍተሻ ይኖር እንደ ሆነ ታስባለች፤ ከግል ሆስፒታል በር ስትደርስ ልጁ ከመታየቱ በፊት ማስያዣ ገንዘብ ትጠየቃለች፤ ገንዘቡም በዶላር ነው። በዐረብኛ «ሐራራ» (ትኩሳት) ማለት ትችላለች፤ «ከዐሥር ቀን በፊት ኬሞ ወስዷል፣ በደረቱ ቱቦ አለው፣ ነጭ ደሙ ወርዷል» ብላ ለመጨረስ ግን የጓዳ ዐረብኛ አይበቃትም። ከኢትዮጵያውያት ሴቶች መካከል በአስተርጓሚነት የሚያገለግሉ እንደሚመሰክሩት፣ በድንገተኛ ክፍል ደጃፍ በጣም የጠቀመው ነገር፣ የልጁ ሕመም፣ የመድኃኒቶቹ ስምና «ትኩሳት ካለው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ይሰጠው» የሚል ቃል በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈበት፣ የሚያክመው ሐኪም የፈረመበት አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ እንደ ክታብ ከአንገት ባይንጠለጠልም ከቦርሳ መለየት የለበትም።

> ሰዓቷ የምትቈጠረው ከሆስፒታሉ በር ነው፤ የምትባክነው ግን ከቤት ጀምሮ ነው።

በማዳሟ ቤት ያለችው ሠራተኛም የራሷ ችግር አለባት። የልጁን ትኩሳት ቀድማ ብታውቅም፣ ሌሊት የተኛ ሰው ቀስቅሳ «አሁን እንሂድ» ለማለት የሚያበቃ ሥልጣን የሰጣት የለም፤ ሕመሙ ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራት አይገኝም። ሐኪሞቹ ወላጆችን ሲያስተምሩ እርሷንም አብረው ቢያስቀምጧት፣ ቴርሞሜትሩን በብብት እንዴት እንደምትለካበት፣ ከመለካቷ በፊት ፓናዶል ብትሰጠው ትኩሳቱን ደብቆ እንደሚያዘናጋት፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም የደም መርጋትን ስለሚያውኩ እንደማይሰጡ ቢያስረዷት፣ የሚጠቀመው የራሳቸው ልጅ ነበር።

ትዕግሥት የሚጀምርበት ቀን

እስካሁን ስለ ጥድፊያ ተናገርሁ። የዚህ ሕክምና እኩሌታው ግን መቈጠብ ነው፤ እርሱም ከጥድፊያው ይልቅ ይከብዳል።

መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፣ በጠርሙስ የገባው ደም ምንም ካላበቀለ፣ ልጁም ከአንድ ቀን በላይ ሳያተኩስ ከዋለና መቅኒው መንቃት ከጀመረ፣ ዓለም አቀፉ የሕፃናት መመሪያ አንቲባዮቲኩ እንዲቆም ያዛል፤ አደጋቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ለተገኙትም፣ በቅርብ የሚከታተላቸው ካለ፣ መቅኒው እስኪነቃ ሳይጠበቅ ማቆምን ይፈቅዳል። ቫንኮማይሲንን የመሰለ ተጨማሪ መድኃኒት ያለ ምክንያት አይደረብም። ወላጅ ግን ይህን ሲሰማ ይሠጋል፤ «ትናንት እየተሯሯጣችሁ የሰጣችሁትን ዛሬ ለምን ትነፍጉታላችሁ?» ይላል፤ ወጣት ሐኪምም ከተጠያቂነት ለመዳን አንድ ሳምንት ቢጨምርበት ማንም አይወቅሰውም።

የሚወቅሰው ባክቴሪያው ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል፣ ፔኒሲሊንን ባነሰ መጠን የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን መድኃኒት እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ግን እኛም ሊባኖሳውያንም የሰማነው አንመስልም። በባውሽሪዬ መንገድ ላይ አረንጓዴ መስቀል ከሚበራባቸው ፋርማሲዎች አንዱ ገብቶ፣ ጕሮሮዬን አመመኝ ብሎ ኦግመንቲን የጠየቀ ሰው ያለ ሐኪም ወረቀት ይዞት ሊወጣ ይችላል፤ በአዲስ አበባም አሞክሳሲሊን «ሁለት ፍሬ» ተብሎ እንደ ሎሚ በችርቻሮ ሲሸጥ ማየት እንግዳ አይደለም። የሁለቱም ሀገር ሕግ ይከለክላል፤ የሁለቱም ሀገር ልማድ ይፈቅዳል። በሆስፒታሎቻችን ደግሞ ሴፍትሪያክሶን የማይታዘዝለት ሕመም ያለ አይመስልም፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ክፍፍል ግን ይህ መድኃኒት በጥንቃቄ ከሚጠበቁት ወገን ነው።

ባክቴሪያው ለጤነኛው ጕንፋን በተሰጠው መድኃኒት ተለማምዶ፣ ከሰው ወደ ሰው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ፣ በመጨረሻው መቅኒው በደረቀበት ልጅ አንጀት ውስጥ ይሰፍራል። በዚያች ሰዓት ነርሷ በ60 ደቂቃ ውስጥ ብትደርስም፣ መድኃኒቱ በጊዜው ቢገባም፣ በደሙ ያለው ጀርም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀው ስለሚሆን አይፈራውም። ጤነኛው ሰው ያለ አግባብ የዋጠውን ክኒን ዕዳ የሚከፍለው ይህ ልጅ ነው፤ በእኔ ፍርድ ከዚህ የከፋ የማይታይ ግፍ ጥቂት ነው።

በጥቁር አንበሳ ደጃፍ

ይኸው ነገር በሀገራችን መልኩ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ክፍል፣ በጎንደርና በጅማም ያሉት ክፍሎች፣ ልጆቹን የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ ከሩቅ ገጠር ነው፤ ኬሞ ወስዶ ወደ ወረዳው የተመለሰ ልጅ በ10ኛው ቀን ቢያተኩስ አንዲቱ ሰዓት የሁለት ቀን መንገድ ትሆናለች። ስለዚህ በሀገራችን ከመድኃኒት እኩል ሕይወት የሚያድነው ማደሪያ ነው። አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ባጡት በልጃቸው ስም፣ በ2004 የማቲዎስ ወንዱን የካንሰር ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበርም ከገጠር ለሚመጡ ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው መጠለያ ሲከፍት፣ አልጋና ምግብ ብቻ መስጠታቸው አልነበረም፤ ልጁ በሚያተኩስበት ሌሊት ከሆስፒታሉ ሳይርቅ እንዲያድር ማድረጋቸው ነበር።

የጠበልም ነገር አለ። ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ጠበል ቢሄድ ሃይማኖቱ ነውና የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ጠበልንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ አስተምረዋል። አደጋው የሚመጣው፣ ሱባኤው ነጭ ደሙ በሚወርድበት ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሲውል፣ በደረቱ ቱቦ ያለው ልጅ በቀዝቃዛ ውኃ ሲነከር፣ ትኩሳቱም የርኵስ መንፈስ መውጫ ምልክት ነው ተብሎ ሲታለፍ ነው። ሐኪሙ ለእናትየዋ የቀኑን አቈጣጠር ቢነግራት፣ የንስሐ አባቷም ቀኑን ቢያዛውሩላት፣ ጸሎቱና ሕክምናው ሳይጋጩ ይፈጸማሉ፤ ይህን የሚያደርጉ አባቶች አሉ።

ለማኅበሮቻችን

በቤሩት የምትኖሩ እኅቶች፣ የመዋጮን ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዲት ልጅ ከፎቅ ወድቃ ስትሞት ሬሳዋ ሀገሯ እንዲገባ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሻሽ ዘርግታችሁ፣ ከወር ደመወዛችሁ ቀንሳችሁ ገንዘቡን ትሞላላችሁ። ለትኩሳት ግን መዋጮ አይደርስም፤ ሻሹ ተዘርግቶ እስኪሞላ ሰዓቷ አልፋለች። ስለዚህ በባውሽሪዬ፣ በዶራና በቡርጅ ሐሙድ ያላችሁ የጽዋ ማኅበሮችና የጸሎት ቤቶች፣ ለቀብር ከምታስቀምጡት ጥቂቱን ለድንገተኛ ክፍል ማስያዣ በዶላር ለይታችሁ አኑሩ፤ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ አንድ ሰው መድቡ፤ የታመመ ልጅ ላላት እናት ሁሉ አንድ ቴርሞሜትርና ሐኪሙ የፈረመበት አንድ ወረቀት ይኑራት። በአዲስ አበባ ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድሜም፣ ጕንፋን ሲይዝህ ፋርማሲ ገብተህ ያንን ባለ ሁለት ቀለም የአሞክሳሲሊን ካፕሱል አትጠይቅ።